ሞታ ነው ወይስ ታርዳ?

ለውድ የከብት ሸሪኬ፣

እንዴት ከረምክ? የኮምቦልቻ ሙቀት ተስማማህ? ልጅህ መቅዲስ ደህና ናት? እኛ አልሀምዱሊላህ፣ ከጎርፉ የተረፍነው ሁሉ ደህና ነን። ያልደወልኩልህ ያንተ ስልክ ድምፁ ለጎረቤት ሁሉ ስለሚሰማ ነው፤ አትቀየመኝ።

የላሟን ካሳ እየጠበቅክ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁርጡን ልንገርህ፣ አይመጣም። ያስቀረሁትም እኔው ነኝ።

ነሐሴ ላይ ጎርፍ ለገደለው ከብት መንግሥት ሊከፍል ነው ተብሎ ከወረዳ መዝጋቢ መጣ። መስጊዱ በር ላይ ተሰበሰብን። እያንዳንዱ ተነስቶ የሞተበትን ይናገራል፣ ጎረቤቱ ይመሰክርለታል። ተራዬ ሲደርስ ዳለቻ ላም፣ አንተ ገዝተህ እኔ የማረባት፣ እኩል የምንካፈላት አልኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎ፣ ሞታ ነው ወይስ ታርዳ አለኝ።

ታርዶ ለተበላ አይከፈልማ! መዝጋቢው ልጅ ደግ ነው፣ አላህ ይስጠው። ጎርፍ እንደጣላት ሁሉም መስክሯል፣ ቢላዋው ሳይደርስ ሞታ ነበር በለኝና ልጻፍልህ አለኝ። ሚስቴ ኑርሀያት ከሴቶቹ መሀል ሆና፣ በል እንጂ እያለች በዓይኗ ትቆጣኛለች።

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁት። ላሟ የታረደች ቀን የየቤቱን እህል ጎርፍ ወስዶት ስለነበር ከዳለቻዋ ያልበላ ሙስሊም ጎረቤት የለም። እማማ ሀውራን ታውቃቸዋለህ፣ ሶላት አምልጧቸው አያውቅም። ሳህናቸውን ሞልቼላቸው ዱዓ አድርገውልኝ የሄዱት ሴትዮ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሞታ ነበር ካልኩ በክት አበላኋቸው ማለት ነው። ይህን ሰምተው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?

ታርዳ ነው፣ ቢስሚላህ ብዬ በእጄ አረድኳት አልኩ። ሰረዘኝ። ኑርሀያት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ፤ እስካሁን ወጥ ስታወጣልኝ ጭልፋው ይጮሃል።

የመቅዲን የኮሌጅ ምዝገባ አልረሳሁም። የጋራችን የነበረችው ጊደር ከዛሬ ጀምሮ ሙሉዋ ያንተ ናት። በመጪው ገበያ ሸጬ ገንዘቡን እልክልሃለሁ። ኑርሀያት ይህን ስትሰማ የምትለኝን እኔ እችለዋለሁ። አንተ ግን ግማሿ ሲበቃኝ ሙሉዋን ለምን ትለኝ ይሆናል።

አንተ ክርስቲያን ነህ፣ ከሥጋዋ አልቀመስክም፤ ላንተ ብጽፈው ማንንም አይነካም። ከጭቃው ጎትተን ስናወጣት ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም ነበር። እንዳትሞትብኝ ብዬ በጥድፊያ ቢላዋውን አሳረፍኩባት። ቀና ስል ሰዉ ቆዳዋን መግፈፍ ጀምሯል፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው ቆመዋል። ምን ልበላቸው? ኑርሀያት ለምን አትበላም ስትለኝ ሆዴን አሞኛል አልኳት። ሁሉም በልቶ ከሄደ በኋላ ቢላዋውን ላጥብ ብዬ አነሳሁት። የሚታጠብ ደም አጣሁበት።

ለመቅዲ ትምህርቱን ይግለጥላት፣ አንተንም ዕድሜና ጤና አይንሳህ። ለኔም በቤተ ክርስቲያንህ ጸልይልኝ፤ እዚህ ዱዓ አድርጉልኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለኝም።

አክባሪ ሸሪክህ፣
ከሐይቅ