ባሌን ያሳሰሩትን ሦስት ተክሎች በአደራ ስለማሳደጌ

ለተከበሩ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 1976 ዓ.ም.

ጤናዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ እንደዚሁም የማያልቀው ስብሰባዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ግማሻችን ቤት፣ ግማሻችን አማን እስር ቤት ሆነን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ስድስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ስላላገኘሁዎት ነውና በድፍረቴ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ባለቤቴ ከፈለኝ ቴፒ ላይ የቡና ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የማያውቀውን ዘር ካገኘ አብቅሎ ሳያየው እንቅልፍ አይወስደውም። ከቡና ከረጢት ሥር ያገኛቸውን ሦስት ፍሬዎች በሦስት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ዘርቶ፣ ዝናቡ እንዳይመታቸው ከቤታችን መስኮት ሥር አስቀመጣቸው። ሲያድጉ ስማቸው ቢጠፋው አንድ ቅጠል ቀጥፎ፣ የተማረ ሰው አለ ብሎ፣ በገዛ እግሩ ቀበሌ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። እናንተም ሐሺሽ መሆኑን ነግራችሁ በዚያው አሰራችሁት።

፩ኛ. የቀበሌው መጋዘን መስኮት ስለሌለው ማስረጃው እንዳይሞት አስባችሁ፣ ከጅማ ይመጣሉ የተባሉት ዳኛ በሕይወት እስኪያዩት ድረስ ሦስቱንም ቆርቆሮ ለእኔው በአደራ አስረክባችሁ አስፈርማችሁኛል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነውና እምቢ ማለት አልቻልሁም። ባሌን ያሳሰረውን ነገር ቤቴ ውስጥ አሳድግ ዘንድ ስላመናችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ. እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን እያዞርሁ፣ ቅጠላቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ፣ ከልጄ ከሣራ ጊዜ ቀንሼ አሳደግኋቸው። ስረከባቸው ሁለት ስንዝር አይሞሉም ነበር፤ ኋላ ጣሪያው ከልክሏቸው ጎበጡ። የአብዮት ጥበቃው ጓድ ተካ እንዳስረዱኝ ግን ቅጣቱ እንደ ቅጠሉ ብዛት ነው። ከደረቁ ማስረጃ አጥፍተሻል ተብዬ እታሰራለሁ፤ ከለመለሙ የከፈለኝ እስራት ይረዝማል። አዲስ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ውሃውን እያፈሰስሁ አለቅሳለሁ።

፫ኛ. ጓድ ተካ በየሳምንቱ መጥተው ቅጠሉን ይቆጥራሉ። እሳቸው ቆጥረው በወጡ ቁጥር ከጫፍ ጫፉ ይጎድላል፤ ጎደሎውም በእኔ ስም ይጻፋል። ከቤቴ ሲወጡ ብቻቸውን እየሳቁ ስለሆነ ለሥራቸው ያላቸውን ፍቅር ሳላደንቅ አላልፍም።

፬ኛ. አምና ይኸንኑ ከፈለኝን «አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጴንጤ ነው» ብላችሁ ሁለት ወር አስራችሁት ነበር። ዘንድሮ ሐሺሽ አጫሽ ሆኗል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ስለሚከብዱ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንዱን እንድትመርጡልን በትሕትና አመለክታለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አቃተኝ። ባለፈው ቅዳሜ አማን ስንቅ ይዤ ሄጄ ነበር። እግሩ አብጧል፣ ሲያስል ደም ይተፋል፣ ያመጣሁለትን ምግብ ጎኑ ለተቀመጠው እስረኛ ሰጠው። የሣራን ዕድሜ ጠየቀኝ። አባቷ ነው፣ ዕድሜዋን ጠየቀኝ! ዳኛው መንገዱ እስኪደርቅ አይመጡም ይባላል፤ መንገዱ እስከ ጥቅምት አይደርቅም፤ ከፈለኝ ደግሞ እስከ ጥቅምት አይቆይልኝም።

ስለዚህ ዛሬ ማለዳ ተክሎቹ ደርሰው ስላገኘኋቸው ሦስቱንም በማጭድ ከሥራቸው አጭጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኋቸው። ጎረቤቴ ወይዘሮ ማሚት ቆመው አይተዋል። አደራ በላሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ማስረጃ የለምና ባሌን ፍቱት፤ አጥፊዋ እኔ ነኝና እኔን ውሰዱኝ። ሣራን ለወይዘሮ ማሚት ሰጥቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ ደጄ ላይ ተቀምጫለሁ። ቤቴ ሩቅ ስላልሆነ ብዙ ጥበቃ መላክ አያስፈልግም።

ለሰጡኝ እምነት፣ ላልሰጡኝም ጊዜ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ለሥልጣንዎ የሚገባውን አብዮታዊ አክብሮት ሁሉ ሳላጎድል አቀርባለሁ።

የመንግሥት ማስረጃ አሳዳጊ የነበረችው፣
ማናልሞሽ ባየ

ማሳሰቢያ፦ ተክሎቹን ስታስረክቡኝ የሰጣችሁኝን ማኅተም ያረፈበት መመሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። «ፀሐይ ያግኙ፣ ውሃ አይጥማቸው፣ እርጥብ መሬት ላይ እንዳይቀመጡ፣ ዳኛ ሳያያቸው ቢሞቱ ኃላፊው ይጠየቃል» ይላል። ለእኔ ከእንግዲህ ስለማያስፈልገኝ፣ ለአማን እስር ቤት ኃላፊ ይተላለፍልኝ፤ ለባለቤቴ እንዲሠሩበት።