ስልክ የሌለባቸው ቅዳሜዎች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2
ዛሬ ተጀመረ። ከምሳ እስከ እራት ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። የአራታችንንም ስልክ ለቅሜ የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፤ ስፌት መኪናዬ ስር አስቀመጥኩት። ትልቋ አኮረፈች። ትንሹ ካርታ አመጣ። ያስቸገረኝ አባታቸው ነው።
"ደንበኛ ቢደውልስ?"
ቧንቧ እስከ ማታ ቢያንጠባጥብ ማንም አይሞትም አልኩት። ሃምሳ የሞላው ሰው ለስልክ እንዲህ ይሆናል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ጠዋት አባታቸው ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቆለፈ። ግማሽ ሰዓት! ካርታ ላይ ደግሞ ተራው ሲደርስ ዝም... ትንሹን በትልቋ ስም ጠራው። "አባዬ ጃጀ!" ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ቆርቆሮው ላይ ነበር።
ማን ናት የምትጽፍለት?

እሑድ፣ ጥቅምት 10
"ምን ትደብቀኛለህ?" አልኩት። "ምንም።" "እንግዲያው ክፈተው!" አልከፈተም። አንገቱን ደፋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ከምሳ በኋላ ዳቦ ግዛ ብዬ ላክሁት። "ስልኬን ልያዝ" አለ። "ዳቦ ቤቱ እዚሁ ጥግ ላይ ነው፤ ያለ ስልክ እግርህ አይሄድም?" አልኩት፣ ልጆቹ ፊት። ስልኩን ትቶ ወጣ።
አንድ ሰዓት ጠበቅን... ሁለት... ልደውልለት ስል ስልኩ ቆርቆሮው ውስጥ። የከተትኩት እኔው ነኝ።
ልጆቹን ይዤ ስንፈልግ ሊመሽ ሲል አገኘነው። ከሰባት ዓመት በፊት የለቀቅነው ቤት ደጃፍ ላይ፣ ዳቦውን ታቅፎ። "ቁልፉ አልገባ አለኝ" አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ስልኩን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ። ሴት የለችም። ማስታወሻ ብቻ ነው።
"ቤት፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር።" "ትልቋ ፈተና አለባት፣ ጠይቃት።" "ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ።" "ሚስቴ፦ ስፌት መኪናው ጋ የምትቀመጠው። ስልክ ስነካ ትቆጣለች።" ከሁሉም በላይ፦ "ቅዳሜ ስልክ የለም። ጠዋት ሁሉንም አጥና።"
መታጠቢያ ቤት ሲያጠናን ነበር... እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስቀና።
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ብነግርሽ እንደ ድሮው ታይኛለሽ?"
አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ሐኪሙ መድኃኒቱ የመርሳት በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም ብሎናል። ቅዳሜ ግን አልቀረም። አሁን ቆርቆሮው ውስጥ የሚገባው ሦስት ስልክ ነው። ለእሱ ስልክ ትንሽ ኪስ ሰፍቼ አንገቱ ላይ አንጠልጥዬለታለሁ። ትንሹ "አባዬ፣ ያንተ ተራ" ይላል። ማንም አይስቅም።
ዛሬ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ስልኩን አውጥቶ አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና አነበበ።
"አንቺ ነሽ አይደል?"
"እኔ ነኝ።"
"ትቆጣለች ይላል። አሁንም ተቆጥተሻል?"
አልተቆጣሁም፣ "ትቆጣለች" የሚለውን አጥፋው አልኩት። ጣቱ ፊደሎቹ ላይ ሲንከራተት ተቀበልኩትና እኔ አጠፋሁለት። በቦታው "አትቆጣም" ብዬ ጻፍኩ።