ያልጠጣሁት የእጮኝነት ሻይ

ለምወድህ ወንድሜ ለሚሉድ፣

ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ጠጉርህ እንዴት ነህ? ያ የብራሰልስ ብርድ ወገብህን እንዴት አደረገው? ናዲያስ? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምርልህ ውሸት አንገሽግሾኛል።

የስኳር በሽታ ይዞኛል፤ ሁለተኛው ዓይነት ነው አሉኝ። ሐኪሟ ዓይኔን አይታ፣ «መንካት ጀምሯል፤ አሁን አፍሽን ከጠበቅሽ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል» አለችኝ። ከጥልፍ ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ስለዚህ ነጭ ዳቦ ቀረ፣ ማር ቀረ፣ ስኳር ያለው ሻይ ቀረ። ጠዋት ማታ ምስርና ጎመን፣ ከጎኑ መዳፍ የማታክል የገብስ ዳቦ ነው። ዳቦው ጉሮሮዬን ይፍቀኛል። ስኳር የሌለው ሻይማ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ድስት የታጠበበት ውሃ ነው። ጎረቤቴ ሀሊማ ደግሞ «ፍቱን ነው» እያለች የተዘፈዘፈ አብሽ በጆግ ታመጣልኛለች፤ ላቤ ሳይቀር አብሽ አብሽ እየሸተተ ራሴን ጠላሁት። ቢሆንም ስኳሬን ስለካው እየወረደ ነው።

ከምግቡ ይልቅ ያስጠላኝ ግን ሰው ነው። ለልጄ ለኢክራም የጋብቻ ጠያቂ መጥቶላት ነበር። አክስታችን ያምና፣ መታመሜን ስትሰማ በሩን ዘጋችና፣ «ትንፍሽ እንዳትዪ! በዘራቸው አለ ብለው ልጅቷን ይተዋታል። ሲመጡ ሻዩን ግጥም አድርገሽ ጠጪ። አባትሽስ አንቺን ሲድር እንደዚያ አይደል ያደረገው?» አለችኝ። ክው አልኩ። አባታችን በሽታውን አውቆት ኖሯል፣ ሚሉድ። የባሌ ቤተሰቦች እንዳይተዉኝ ብሎ ደበቀው፤ ከዚያም በኋላ አፍሮ እንደደበቀው ኖረ። ዓይኑ ሲጠፋ የምቀኛ ዓይን ነው ሲሉን አምነን አለቀስን። ያምና ይህን ሁሉ የምትነግረኝ እንደ ጥሩ ምክር ነበር። ተነስቼ የዘጋችውን በር ከፈትኩት።

ባለፈው አርብ የልጁ ቤተሰቦች መጡ። የእጮኝነቱን ስጦታ፣ ሾጣጣውን ስኳር፣ በሰማያዊ ወረቀቱ እንደተጠቀለለ በሳህን ደርድረው፣ እልል እያሉ ገቡ። ሻዩ ሲቀርብ የልጁ እናት ላላ ዙሁር ብርጭቆ አንስታ፣ «በይ እንጂ እህቴ፣ የልጆቻችን ነገር እንዲጣፍጥ!» ብላ ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። ያምና በክርኗ ትጎስመኛለች። ተቀብዬ አስቀመጥኩትና፣ «ላላ ዙሁር፣ ስኳር በሽታ አለብኝ። አልጠጣም» አልኳት። እሷም «አይዞሽ፣ አላህ ይማርሽ» አለች፤ ዓይኗ ግን ኢክራምን እንደ ገበያ በግ ከላይ እስከ ታች ይመዝናት ነበር።

በማግስቱ ሰው ላከች። «ስኳራችንን መልሱልን» አሉ! ኤዲያ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ? ኢክራም ራሷ ተሸክማ አስረከበቻቸውና፣ «ለሚቀጥለዋ ይሁናችሁ፤ መጀመሪያ ግን ደሟን አስመርምሩ» አለቻቸው። በሩን ዘግታ ስትመለስ ጭኔ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ልጁን ትወደው ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በመናገሬ ግን አልተጸጸትኩም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። በቀደም በስልክ፣ «ውሃ ጥሙ አላስተኛኝ አለ፤ ለናዲያ እንዳትነግሪያት» ብለኸኛል። ይህን እንዳነበብክ ሄደህ ተመርመር። ናዲያም አብራህ ትሂድ፤ እሷ ባለችበት ይንገሩህ። አባታችን የኢክራምን ፊት በጣቱ እየዳሰሰ «ማንን ትመስላለች?» እንዳለን ሞተ። አንተ የልጅ ልጆችህን በዓይንህ እንድታያቸው እፈልጋለሁ።

ናዲያን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ያሲንንና ሂባን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ኢክራም እጅህን ትስማለች። ያምና እኔን ብታኮርፈኝም ላንተ ሰላምታዋን አልነፈገችም።

እህትህ ባቱል
መክናስ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2019