መኪናዬን እየነዱ ለሚያቆዩልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የተነሡ ተሽከርካሪዎች ማቆያ ግቢ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የትንሿን ልጅዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ለወግ ያህል ነው፤ እኔ ግን የምጠይቀው መልሱን ስለምፈራ ነው። ይህ ጽሑፍ እጅዎ እስኪገባ ሦስታችሁም በደኅና ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የአንዲት ፈሪ ሴት ልፍለፋ አድርገው ሊስቁበት ይችላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ ሰንብቻለሁና ደስ ይለኛል።

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት አሮጌ ወንበር ስፈታ ከሆዱ በሚወጣ የጋዜጣ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ የደብዳቤ ሥርዓት አጉድዬ ብገኝ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔን ባያውቁኝም መኪናዬን በሚገባ ያውቋታል። በግቢዎ በስተጀርባ፣ የግንቡ ጥግ ላይ፣ ግራጫ ሸራ ለብሳ የቆመችው ባለ ሁለት በር የጃፓን መኪና የእኔ ናት። የቆመችው ያልኩት የምክትልዎን ቃል አክብሬ ነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ። ቅሬታዬ እንዳይዝረከረክም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ለሰፈራችን ንጽሕና ስላሳያችሁት ትጋት አመሰግናለሁ። መኪናዬን በሬ ላይ ያቆምኳት ፍሬኗ ስለታመመና መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣልኝ እጠብቅ ስለነበር ነው። ፀሐይና አቧራ እንዳይነካት ብዬ ከላይ እስከ ታች በልኳ ሸራ ሰፍቼ አለበስኳት። እኔ የአውቶቡስ ወንበር ላለብስ በሄድኩበት ቀን ሠራተኞችዎ መጥተው ባለቤት የሌላት ናት ብለው ፈርደውባት ጎትተው ወሰዷት። ጎረቤቴ መምህርቷ በመስኮት ብቅ ብላ "ኧረ ባለቤት አላት! የሰፊዋ ናት!" ብላ ብትጮህ፣ ከሠራተኞችዎ አንዱ "ባለቤት ያላት መኪና እንዲህ ትገነዛለች እንዴ?" አላት አሉ። በዚህ ሁሉ የሙያ ዘመኔ ስፌቴን ከመግነዝ ጋር ያመሳሰለልኝ ሰው አልነበረምና ለአስተያየቱ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ስቄበታለሁ። አሁን ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

፪. ባለቤት የላትም ብላችሁ ልትሸጧት ያወጣችሁት የጨረታ ማስታወቂያ መኪናዬን በሦስት ቃላት ገልጿታል፦ "ቀይ፣ አነስተኛ፣ አሮጌ"። ቃል በመቆጠብ ረገድ የሚወዳደራችሁ የለም። ሆኖም ገዢ እንዳይሳሳት ጥቂት ልጨምርበት። የቀድሞ ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ወንበሮቿን እንዳለብስላቸው አምጥተውልኝ፣ ሥራው ሳያልቅ ዐረፉ። ጨርሼ ሳስረክብ ባለቤታቸው "ድምጿን በሰማሁ ቁጥር እሱ የመጣ እየመሰለኝ በር ልከፍት እሮጣለሁ፤ አንቺ ውሰጂልኝ" ብለው እኔ በምችለው ዋጋ ለቀቁልኝ። ድምጿን ደኅና አድርጌ ያዳመጥኩት ያን ቀን ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮቿ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ሲሠሩ የሚወጣው ድምፅ ጩኸት አይደለም፤ ጥሩ ስፌት ማሽን ወፍራም ቆዳ ላይ ሳይንተባተብ ሲሄድ እንደሚሰማው ያለ፣ የተስተካከለ ነገር ነው። ነዳጅ ሲሰጧት ለአፍታ ዝም ትላለች፤ ቱርቦዋ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከዚያ ወገብዎን ይዛ ወደ ፊት ትወረውርዎታለች። እህቴ መጀመሪያ የተሳፈረች ቀን "ኧረ አንቺ፣ ነፍሴ ማዞሪያው ጋ ቀርታለች፤ ተመለሺና እናንሣት!" ብላ የጮኸችው ለዚህ ነው። ይህችው እህቴ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ባገኘችኝ ቁጥር "ባል ብታገቢ እኮ ቢያንስ ዘይት አያፈስም" ትለኛለች።

መብራቶቿ ደግሞ ሲጠፉ ኮፈኑ ውስጥ የሚተኙ፣ ሲበሩ እንደ ዓይን ቆብ የሚነሡ ናቸው። የግራውን የሚያነሣው ሞተር ስለደከመ ከቀኙ ዘግይቶ ይነሣል። ላስጠግነው እችል ነበር፤ ግን በግድ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሰው ስለሚመስለኝ አንጀቴን በልቶኝ ተውኩት። ይህን የግራ ዓይን እባክዎ ያስታውሱልኝ።

፫. ምክትልዎ በፊርማና በማኅተም "ተሽከርካሪዋ ወደ ግቢው ከገባችበት ቀን አንሥቶ ከቆመችበት ቦታ ያልተንቀሳቀሰች መሆኑን እንገልጻለን" ብለው ጽፈውልኛል። ወረቀቱን በክብር አስቀምጬዋለሁ። ሆኖም ባለፈው ሳምንት መሸት ሲል ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ አንዲት ቀይ መኪና መስቀለኛው ላይ ደረሰች። መብራቷን አበራች። ቀኙ ተነሣ፤ ግራው ቆይቶ ተነሣ። ፎቶግራፍዎ የግቢው መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ስላየሁት መሪውን የጨበጡትን ሰው ለመለየት አልተቸገርኩም። ባለቤትዎ አጠገብዎ ነበሩ፤ ትንሿ ልጅዎ ከኋላ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አስግጋ ቆማ ትስቅ ነበር። ሦስታችሁም ደስ ብሏችኋል። በዚያች መኪና ውስጥ ሰው ደስ ሲለው ምን እንደሚመስል አውቃለሁና አልፈርድባችሁም።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ሌባ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እርስዎ ፍሬን ያዙ፤ መኪናዋም መስመሩ ላይ በጨዋነት ቀጥ አለች። ያን ጊዜ ጩኸቱን ተውኩት። ዳቦዬን ሳልወስድ ሄድኩ። መቆሟ ለምን እንዳስደነገጠኝ የሚቀጥለው ቁጥር ያስረዳዎታል።

፬. ይህን ቁጥር፣ ክቡር ሆይ፣ ደግመው እንዲያነቡት እለምናለሁ። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፤ መካኒኮች ጎሚኒ ይሏታል። የእኔዋ በእርጅና ተበልታለች። የተበላች ጎሚኒ ወዲያው አትከዳም። አጭር አድርገው ሲረግጡ ትይዛለች፤ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ መስቀለኛ ላይ እንከን አይገኝባትም። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግርዎን ፔዳሉ ላይ ጭነው ሲቆዩ ግን ዘይቱ በጎኗ እየሾለከ ያልፋል፤ ፔዳሉም ቀስ ብሎ፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። አፉ ስለማይዘጋ "ዝምታው" እያልን የምንጠራው የሰፈራችን መካኒክ ይህን ያወቀው ራሱ ነድቷት ሲመለስ ነው። ከመኪናዋ ወርዶ፣ እኔ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አለ። ቆይቶ "እትዬ፣ ይሄ ፍሬን ሰው ፊት ጨዋ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ብቻሽን ስትሆኚ ግን አያውቅሽም። ቁልፉን ደብቂው። ከራስሽም ደብቂው" አለኝ። ሸራውን መስፋት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ቁልፉን ከራሴ ደብቄው ነበር፤ ከእናንተ ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ለምዝገባ ያስፈልጋል ብላችሁ ተቀበላችሁኝ። አዲሷ ጎሚኒ የደረሰችኝ መኪናዋ ከሄደች በኋላ ነው።

የሥራ ቤቴ ከኮረብታው የሚወርደው ቁልቁለት ሥር ነው። ከዳቦ ቤቱ ምሽት ወዲህ አመሻሽ ላይ ስትወጣና ስትወርድ እሰማታለሁ። ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ለቤተሰብ ጥሩ መዝናኛ ነው፤ እኔም አደርገው ነበር። ግን እርስዎ ማርሽ ቀንሰው ሳይሆን ፍሬን ይዘው እንደሚወርዱ ከድምጿ አውቃለሁ።

፭. ይህንኑ ላስረዳ ግቢዎ ድረስ መጥቻለሁ። ጥበቃው በትሕትና አስገብተው መኪናዬን አሳይተውኛል። ሸራው እኔ በማላውቀው ቋጠሮ ታስሯል። ሸራውን ሳላነሣ እጄን ኮፈኑ ላይ ባደርግ እንደ ሻይ ብርጭቆ ይፋጃል። "ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ትኩስ ናት እኮ" ብላቸው ወደ ሰማይ ቀና አሉና "ፀሐዩ ነው፣ እህቴ" አሉኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ደመናውን አየነው።

ምክትልዎ ግን የበለጠ ጊዜ ሰጥተውኛል። ስለ ጎሚኒዋ የምለውን ሁሉ ፈገግ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ "እናቴ፣ እኛ ዘንድ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ጨረታ ሲደርስ ሁሉም የገዛ መኪናውን ያማል። አንዱ ሞተሯ ሞቷል ይላል፣ አንዱ ሻንሲዋ ተሰብሯል ይላል፤ ዋጋው ሲወርድለት በዘመድ ስም መልሶ ይገዛታል። ደግሞ ፍሬኑን እኛው ሞክረነዋል፤ አንደኛ ነው!" አሉኝ። ያልተንቀሳቀሰች መኪና ፍሬኗ እንዴት እንደተሞከረ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። "እባክዎ፣ ሰው ይሞታል" ብቻ አልኩ። እሳቸውም "ጨረታው ላይ እንገናኝ" ብለው በሩን በክብር ከፈቱልኝ። መንገድ ላይ ያገኘሁት የትራፊክ ፖሊስም የግቢውን ጉዳይ ግቢው ነው የሚያውቀው ብሎ አሰናበተኝ።

እንግዲህ ይህችን መኪና ሳወድስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሳወድሳት ያላመነኝ የለም። አንድ ቀን ክፉዋን ባወራ የሚያምነኝ ጠፋ።

፮. ስድስተኛ ብዬ ስለ ጎን መስታወቷ መሰንጠቅ ልጽፍ ነበር። ተውኩት። ይህን መስመር ስጀምር ድምጿ ከላይ ስለተሰማኝ እያዳመጥኩ ነው የምጽፈው። በዚህ ሰዓት እህቴ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ የምትሳፈረው ከዚያ ነው። ከምሰሶው ጀርባ ሆነሽ ጠብቂ ብላት "ለመኪናሽ ብለሽ እኔን እንደ ሌባ ትደብቂኛለሽ?" ብላ ስቃብኛለች። እርስዎ ፍሬን ይዘዋል። አሁንም እንደያዙ ነው። ኩርባውን ዞሩ።

አለፉ። ዛሬም አለፉ።

ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ የሚከተለውን ወስኛለሁ። መኪናዋን ለቅቄያለሁ። ሊብሬዋን፣ በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን ከሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ጋር፣ ይህን ደብዳቤ ሳደርስ ለጥበቃው እሰጣለሁ። ጨረታው ላይ እኔም እህቴም ሌላ ዘመዴም አንገኝም። በርካሽ መልሳ ልትገዛ ነው የሚለው ጥርጣሬ እዚህ ላይ እንዲያበቃልኝ ያለኝ ማስረጃ እሷው ራሷ ብቻ ነበረች፤ እነሆ አስረክቤያታለሁ። እንኳን ደስ ያለዎ፤ ቆንጆ መኪና ነው ያገኙት። አዲሷ ጎሚኒም ከሊብሬው ጋር በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አለች። ዝምታው ግቢዎ ድረስ መጥቶ በነጻ ሊገጥምልዎ ቃል ገብቷል። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወሬው ግን ሙሉ ቀን ነውና ይቻሉት። ከዚያ በኋላም ከኮረብታው ሲወርዱ ማርሽ ቀንሰው ሞተሯ ላይ ይደገፉ። ሐኪሙም እንዲያ ነበር የሚያወርዷት፤ እኔም እንዲያ። ካመኗት ራሷ ትይዝዎታለች።

ግራ ዓይኗን ግን አያስጠግኑባት።

ለተሰጠኝ ጊዜ፣ ለከፈቱልኝ በር፣ በደመና መካከል ለምትሞቀው ፀሐያችሁም ጭምር ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜን ከልቤ፣ እንዲያውም ከፍርሃቴ የምመኝልዎ፣

የቀይዋ መኪና የቀድሞ ባለቤት፣
ወንበር ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ከኋላ ቆማ የምትሄደው የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የቀበቶ ጉዳይም ነው። የኋላ ወንበሩን ቀበቶ ለጥገና ፈትቼ፣ አጥቤና አጣጥፌ ቤቴ አስቀምጬው ነበር፤ ባለቤት የሌላት መኪና ቀበቶዋን ማን እንደሚያጥብላት ምክትልዎ ያስቡበት። እሱንም ከረጢቱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ይህን የሚያነቡት ቢሮዎ ሆነው ከሆነ ደግሞ ዛሬ ወደ ቤትዎ በእግርዎ ይሂዱ። ልጅዎ በር ላይ ጠብቃ "መኪናዋስ?" ብትልዎ፣ ከቆመችበት ቦታ አልተንቀሳቀሰችም ይበሏት፤ ለአንድ ቀን እንኳ እውነት ይሁን።