ላንተ መኪና ተገዝቶ የመጣው ብሎን

ውድ አባዬ፣

ካረፍክ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ አሁንም ከቅዳሴ መልስ ከሴቶቹ ጋር ስታወራ ምሳ ይረፍድባታል። የበረንዳውን ቆርቆሮ ቀይረነዋል። ፒክአፗም አለች። ወንበሯን አዲስ ጨርቅ አልብሼዋለሁ፤ ብታያት መሳቅህ አይቀርም ነበር።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። አፍሬ ነው። ለእማዬ መናገር አቃተኝ፤ እስቲ ላንተ ልናገር።

የኋላው ግራ ጎማ አንድ ብሎን ተሰብሮ ነበር። የሰበርኩት ራሴ ነኝ። ጎማ ቀይሬ ዳዶውን ሳጠብቅ፣ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ ቀጭ አለና ተቆረጠ። በእጅህ አቅም ብቻ እሰር፣ ብረትም ይደክመዋል ስትለኝ የኖርከውን መች ሰማሁ! የቀሩት አምስቱ ይበቃሉ ብዬ እንደዚያው ስነዳት ከረምኩ። ዱራሜ ድረስ ሄጄባታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ሰርግ ነበር። ካሜራማኑ ከኋላ ቆሞ አጀቡን የሚቀርጽባት መኪና የኛ ፒክአፕ እንድትሆን ቃል ገብቼ፣ አጥቤያት፣ ሪባን ገዝቼ ተዘጋጅቻለሁ። አርብ ከሰዓት እትዬ አዳነች እዚህ ሆሳዕና ሆስፒታል አረፉ። ጊምቢቹ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩት፣ እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር ያበሉኝ እትዬ አዳነች። ባለቤታቸው ጋሽ ሹኩሮ ደወሉልኝ። ነገ ጠዋት አስከሬኑን ወደ ጊምቢቹ ውሰድልን አሉ።

ምን ብል ጥሩ ነው? ጋሽ ሹኩሮ፣ የጎማው ብሎን ተሰብሮ መኪናዋ ቆማለች አልኳቸው። መሰበሩ እውነት ነው፤ መቆሟ ውሸት ነው። እሳቸውም አይዞህ ልጄ፣ ሌላ እንፈልጋለን ብለው ዘጉት። ሚስት የሞተችባቸው እሳቸው፣ አይዞህ የተባልኩት እኔ!

አንተ እኮ አባዬ፣ የለቅሶ ጩኸት ስትሰማ ማንም ሳይጠራህ ተነስተህ መኪናዋን ታዞርና አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርገህ ትጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ አስከሬን ጭነን ስንሄድ፣ ከፊት አስቀምጠኸኝ፣ ሬዲዮ ልከፍት ስል እጄን ያዝ አድርገህ ዛሬ ከኋላ ሰው አለ ያልከኝ ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ በጠዋት ሪባኑን ላስር ስል በሩ ተንኳኳ። ጓደኛህ ጋሽ ሄራሞ ናቸው፣ ከሁለት ለቀስተኞች ጋር። እጃቸው ላይ አዲስ ብሎን። አስከሬኑ በሌላ መኪና ሄዷል። እነሱ ግን መኪናዋ መቆሟን ከጋሽ ሹኩሮ ሰምተው፣ የጓደኛችን መኪና ቆማ እኛ እንዴት ዝም እንላለን ብለው፣ ሱቅ አስከፍተው ብሎኑን ይዘው መጡ። እኔ ሪባኑን ወንበሩ ሥር ወሸቅኩት።

ለለቅሶ የለበሱትን ጋቢ አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ክሪክ ፍለጋ የመኪናዋን በር የከፈቱት ጋሽ ሄራሞ ናቸው። ክሪኩ ደግሞ ወንበሩ ሥር ነው አባዬ፣ ራስህ ያስቀመጥክበት ቦታ። ሪባኑን አዩት። ነጭና ሮዝ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ክሪኩን አወጡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ጎማውን ፈቱ፣ የፍሬኑን ታምቡር አወለቁ፣ ስባሪውን በመዶሻ ወደ ኋላ መትተው አስወጡት። አዲሱን ከኋላ አስገብተው ዳዶውን በማጥበቅ እየሳቡ ቦታው ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ግራሶ በግራሶ ሆነ። እኔ መፍቻ አቀብላለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲጨርሱ ጋሽ ሄራሞ፣ በል እንግዲህ ሂድባት አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሙሽራው እንዳይደውልብኝ ስልኬን አጥፍቼ ለቀስተኞቹን ጫንኩና ጊምቢቹ ገባሁ። ጋሽ ሄራሞ አጠገቤ ነበሩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ሹኩሮ ተነስተው አቀፉኝ። መኪናው ተሰብሮበት እንኳ አልቀረም፣ የአባቱ ልጅ ነው ብለው ለሰው ሁሉ ተናገሩልኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ጋሽ ሄራሞ አንገታቸውን ደፉ። እኔ አሜን አልኩ። ውሸቱስ ይሁን፣ ያ አሜን ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊምቢቹ እሄዳለሁ። ለጋሽ ሹኩሮ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ጋሽ ሄራሞ ባሉበት፣ በኔ ጉድ እሳቸው እየተሸማቀቁ እንዳይኖሩ። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ። የአባቱ ልጅ ያሉኝን መልሰው ቢወስዱብኝ ግን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ስንቀብርህ አልረሳህም ብዬህ ነበር፤ መልክህንም ድምፅህንም አልረሳሁም፣ የረሳሁት ሥራህን ነው። ያንን ስም እንደገና እስኪሰጡኝ ድረስ አንተ ታደርገው የነበረውን እያስታወስኩ እኖራለሁ። እስከዚያው ግን አባዬ፣ በየትኛው ፊቴ ልጅህ ብዬ ልፈርም?