እናትህ ገና አልሰሙም

ምንይችል ሆዴ፣

ከተለየኸን ሦስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ላንተ መዋሸት አልችልበትም። ደህና አይደለሁም። ይህን የምጽፍልህ ቡሬ ካለው ፀጉር ቤትህ ውስጥ፣ ደንበኞችህ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ። መስታወቱን ወለወልኩት፤ ፊቴን ግን ላየው አልፈለግሁም።

የሚያስጨንቀኝን አስቀድሜ ልንገርህ። እናትህ መሞትህን ገና አልሰሙም።

አትቆጣ፣ እስቲ ስማኝ። አንተ ደረቴን ባልክ በሦስተኛው ቀን ስትለየን መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ኔትወርክ አጥቶ ነበር። ከዚህ እስከ አዴት፣ ከአዴትም አልፎ እስከ እናትህ እስከ እማማ አትጠገብ ቀዬ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ በደህናው ቀን እንኳ ሁለት አውቶቡስና የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አጎትህ አያ ዳምጤ በእግሬ እሄዳለሁ ብለው በትራቸውን አንሥተው ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው የትም ይቀራሉ ብለው ሽማግሌዎቹ ያዟቸው። በመንገደኛ እንላክ ሲባልም እሳቸው እንቢ አሉ። መርዶ እንደ ዕቃ በሰው እጅ አይላክም አሉ። ስለዚህ እናትህ ሳያለቅሱልህ ቀበርንህ። አርባህንም ያለ እሳቸው አወጣን። ሰው ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፤ እኔ ግን አንዲት ጉርሻ አልወረደልኝም።

ደግሞም አስምለኸኛል። ያ ለሠርግ ሊሄድ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? ግማሹን እንዳነሳህለት ስልኩ ጮኸ። እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ሲያይ የወንድሙ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፎበታል። ማን እንደለጠፈው እንኳ አይታወቅም። ሰውዬው አላለቀሰም። ግማሽ ፀጉሩ እንደተቆረጠ፣ ጨርቁ ካንገቱ ላይ ሳይፈታ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ። አንተ ማሽኑን ጥለህ ተከተልከው፤ ቤቱ አድርሰኸው ስትመለስ እህል አልቀመስክም። ከዚያ ቀን ወዲህ አስተያየትህ አልተለወጠም። «ስልክ ለሠርግ ነው፣ ለገበያ ነው፣ ለወሬ ነው፤ ለመርዶ እግር አለ» ትል ነበር። እኔ ብቀድም እናቴ በስልክ እንዳትሰማ ብለህ ስታስምለኝ ስቄብህ ነበር። አፍህ ይቆረጥ ብዬህም ነበር፤ ይቅር በለኝ።

አስተያየት የሌለህ ነገር ምን ነበረ? አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላል ሰው፤ አንተ ደግሞ ጭንቅላት እያየህ አፍ ታስከፍት ነበር። የማዳበሪያው ወረፋ፣ የባጃጁ ታሪፍ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የመንግሥታት ጠብ፣ ሁሉም እዚህ ወንበር ላይ ተፈትቶ ያድር ነበር። ቲክቶክን ስትረግም ውለህ፣ ማታ በልጃችን በማስተዋል ትከሻ ላይ አንገትህን አስግገህ ስትስቅ ያየሁህን አትርሳ።

አሁን ደግሞ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ነገር ስልክ ውስጥ መጥቷል። ማስተዋል ሒሳቧን ትጠይቀዋለች። ብትኖር ከእሱ ጋር ስትከራከር ደንበኛ ይሸሽህ ነበር። ኔትወርኩ በተመለሰ ማግስት ጭንቀቴ ቢጸናባት ጊዜ፣ ለእናት የልጇ ሞት እንዴት ይነገራል ብላ ጠየቀችልኝ። ብዙ መለሰ። ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ አለ። ክፉ አልመከረም። ሽማግሌ እንደሚቀድም፣ ንጋት ላይ እንደሚገባ፣ ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዝላት ጎረቤት በር ላይ እንደሚቆም ግን አላወቀም። አልፈርድበትም፤ ማን ነግሮት ያውቃል።

ኔትወርኩ የተመለሰው ባለፈው ሐሙስ ነው። ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሰው በየደጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያለቅሳል፣ ይስቃል። እኔ ግን መንገዱ ቀድሞ ይከፈት ብዬ ስጸልይ፣ የቀደመው ስልኩ ሆነ። በዚያው ቀን ልጅህ ፎቶህን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ያቺ መስታወቱ ፊት መቀስ ይዘህ የተነሣሃት ፎቶ ናት። አባቷን ናፍቃ ያደረገችው ነው፤ እኔ ግን ጮኽኩባት። ወዲያው አጠፋችው፤ ነገር ግን ከአዴት ሦስት ሰዎች አይተውት፣ የእንባ ምልክት አስቀምጠውበታል። ለሦስቱም ደውዬ በማርያም ብዬ ለመንኳቸው። ሦስት ሰው ያወቀው ነገር ስንት ቀን ይቆያል? እስከ እሁድ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሁድ ደግሞ ያንተ ስልክ ጮኸ።

ለምን ቻርጅ እያደረግሁ እንዳቆየሁት አትጠይቀኝ፣ አላውቅም። ለእናትህ ያን ባለ ቁልፉን ስልክ ስትገዛላቸው፣ ከልጅህ የጥፍር ቀለም ሰርቀህ የሁለት ቁጥሯን ቁልፍ ቀይ ቀባህላቸው። ፊደል ባያውቁም ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ካለችው ጉብታ ላይ ይወጡና ቀይዋን ጫን አድርገው ይይዛሉ፤ አንተ ትነሣለህ። ሦስት ወር ሙሉ በየእሁዱ እየወጡ ቢጫኑ፣ ያለ ኔትወርክ ምንም ድምፅ አልነበረም። በዚያ ቀን ግን ጠራላቸው።

ስክሪኑ ላይ «እናቴ» ይላል። አላነሣሁም። ደግመው ደወሉ፤ አሁንም አላነሣሁም። ልዝጋው ብል መዝጋቱም መናገር ሆነብኝ። በሦስተኛው አነሣሁት።

«የሽዬ! ተመስገን፣ ድምፃችሁን አሰማኝ። ያ ወሬኛ የት ሄደ?» አሉኝ።

ወንበሩ ላይ ሰው ይዟል አልኳቸው፣ ምንይችል። ይህ ውሸት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሳቁ። ወሬው ሲያልቅበት ይደውልልኝ አሉ። ስለ ጤፉ ጠየቅኋቸው፤ ደህና ይዟል አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እንዳይነጋብኝ እየለመንኩ ነበር።

መንገዱ ከትናንት በስቲያ ተከፍቷል። ነገ ማለዳ ከአያ ዳምጤ ጋር እንሳፈራለን። እዚያ ስንደርስ ጎረቤት ቤት ተደብቀን እናድራለን፤ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ቀድመው እኔ ተከትዬ እገባለሁ። ከሌን አውልቄ ያንን አረንጓዴውን ቀሚሴን አዘጋጅቻለሁ። አዴት መነኸሪያ ላይ ጥቁር ለብሼ ያየኝ ሰው ደውሎ እንዳይቀድመኝ ነው። ስለካሁት ሰውነቴ አስጠላኝ፤ የከዳሁህ መሰለኝ። ጥቁሩን አጥፌ ከሻንጣው ሥር ከትቼዋለሁ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር ቀርቷል፤ እስካሁን እጄ እንቢ ብሎኝ ነው።

እናትህ ስለ ጤፉ ከነገሩኝ በኋላ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «የሽ ልጀ፣ እሱ ሰው ቢይዝም የእኔን ስልክ ሳያነሣ ቀርቶ አያውቅም። ምንም እንዳትነግሪኝ። በስልክ አትንገሪኝ። ለእንዲህ ያለው እግር አለ። እኔም እስክትመጪ ባትሪውን አውጥቼ ከሙዳዬ እከተዋለሁ፤ ማንም እንዳይቀድምሽ።»

ከዚያ ተዘጋ። ብደውል አይጠራም።

ለካ ያን አስተያየትህን የወሰድከው ከእሳቸው ነው። አንተ ከራስህ ያመጣኸው ይመስለኝ ነበር። አራት ቀን ሆናቸው፤ ባትሪውን ከሙዳይ ከተው፣ እያወቁም ሳያውቁም፣ እየበሉ ይሁን ሳይበሉ፣ በር በሩን እያዩ ይጠብቁኛል። የምፈራው መርዶውን አይደለም አሁን። የምፈራው አውቶቡሱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው፤ መንገዱ ተመልሶ እንዳይዘጋ ነው። አንተ ካለህበት ሆነህ ይህን አንድ ነገር ለምንልኝ።

ሆዴ፣ አልረሳህም እያልኩ በባዶ አልምልልህም። ስልክህን ይዤው እሄዳለሁ። ተለቅሶ ለቅሶው ሲበርድ፣ ያን ባትሪ ከሙዳዩ አውጥቼ በገዛ እጄ እመልስላቸዋለሁ። የጥፍር ቀለሙም ተልጦ ከሆነ እቀባዋለሁ፤ ከማስተዋል ሰርቄ ይዤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ፣ እናትህ ጉብታው ላይ ወጥተው ቀይዋን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ሳይደግሙ አነሣላቸዋለሁ።

ያንተው የሽ