የካርቶኑ ጓርኒሲዮን

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ክረምቱ እንዴት አደረገው? ወጉ እንዳይቀር ጠየቅሁ እንጂ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ ሚኒባሷን አስጠግነው እንደገና ሠራተኛ ማመላለስ እንደጀመሩ ሰምቻለሁ። እኔም ደህና ነኝ። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ከአንድ ካፌ ጀርባ፣ አልጋና ጠረጴዛ የምትይዝ ክፍል ተከራይቻለሁ። የእህቴን የሰምሃልን ጤና አልጠይቅዎትም። ከአክስቴ ከፍረወይኒ ጋር ጠበል እንደሄደች ለጎረቤት እየነገሩ መሆኑ ደርሶኛል።

ስልኬን ስለማያነሱ ነው የምጽፈው። "አንተ" እያልኩ አድጌ ዛሬ "እርስዎ" ያልኩት አክብሬዎት አይደለም፤ የማላውቀውን ሽማግሌ የምጠራው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ እርስዎ ለሰው ሲያወሩት ሥሩን ይዘሉታልና። ሰኔ ላይ ሚኒባሷ ጠዋት ስትነሳ ጠቅ ጠቅ ማለት አመጣች። ስትሞቅ ድምጹ ይጠፋል፤ ሽታው ግን ጋቢና ውስጥ ይቀራል። የልብስ ፋብሪካ ልጆቹ ራሳችንን አመመን ሲሉዎት፣ ቁርስ ሳትበሉ እየወጣችሁ ነው አሏቸው። እኔ ከፊት ወንበሩ ሥር ያለውን ክዳን ከፍቼ አሳየሁዎት። ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው የሚያወርደው ማኒፎልድ ላልቷል፤ በሱና በሞተሩ መካከል ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል። አምስት ዓመት ምህንድስና የተማርኩት ለዚህች ቀን ነው ብዬ ሳቅሁ። ያን ዕለት እርስዎም ስቀዋል።

ቅዳሜን ሙሉ ከሥሯ አልወጣሁም። የዛጉትን ቡሎኖች ዘይት እያጠጣሁ አንድም ሳልሰብር ፈታሁ። የሚገጥምበትን ፊት ፍቄ አዲሱን የብረት ጓርኒሲዮን አስገባሁ፤ ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር አጠበቅሁ። ከዚያም አስጠነቀቅሁዎት። ብረት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚላላ ሰኞ ማታ ደግሜ አጠብቀዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ አንዴ ተጨምቆ የተፈታ ጓርኒሲዮን ተመልሶ አይሠራም አልኩ። "እሺ ኢንጂነር" አሉኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ መካኒኩ ጓደኛዎ ገብረየስ በሹፌሮቹ ፊት፣ "መኪናህን ሴት ልጅህ ፈታታችልህ አሉ! እንግዲህ አንተ ቤት ግባና ሹሩባ ተሠራ" ብሎ አሳቀብዎት። እርስዎም፣ የሷ ሥራ ምን ዋጋ አለው፣ እኔው አፍርሼ ገጥሜዋለሁ ብለው መለሱ። ከሰዓት በኋላ እኔ ለቅሶ ልደርስ ስወጣ ውሸትዎን እውነት ሊያደርጉ መፍቻ አነሡ። ጓርኒሲዮኑ ሲወጣ ተጣመመ። ሱቁ ዝግ ነው። እኔን ከመጥራት የሳሙና ካርቶን ቆርጦ መግጠም ቀለለዎት። ቀዝቃዛ አየር በሚገባበት በኩል ቢሆን ካርቶን ጥቂት ቀን ይታገስ ነበር። እርስዎ የገጠሙት እሳት በሚወጣበት በኩል ነው።

ሰኞ ማታ መፍቻዬን ይዤ ስመጣ፣ አጥብቄዋለሁ፣ እጅሽን አታቆሽሺ አሉኝ። አመንኩዎት። ጥፋቴ ይህ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ይዘንብ ነበር። ኮሌጇ ሊያደርሷት የያዟት ሰምሃል እንደ ልማዷ ከፊት፣ ከሞተሩ በላይ ተቀምጣለች። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ የሌሊት ተረኞቹ እስኪወጡ ሲጠብቁ፣ እንዳይበርዳት መስኮቱን ዘግተው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ከሹፌሮች ጋር ወሬ ያዙ። አርባ ደቂቃ ሙሉ በካርቶኑ በኩል የሚያመልጠውን ጭስ ስትስብ ቆየች። የተኛች መስሎኝ ተውኳት ብለዋል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አሁን ጫማዋን ማሰር ጀምራ መሃል ላይ ትረሳዋለች።

ለፖሊስ ምን አሉ? የገጠመችው ትልቋ ልጄ ናት። አራት ቀን ታሰርኩ። መሥሪያ ቤቴ አሰናበተኝ። ይህን እችለዋለሁ። ሰምሃል ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጉሮሮዎን ጠረጉና ወጡ።

ባለፈው ሳምንት ገብረየስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። ሚኒባሷን ሲጠግንልዎ "ጣለው" ያሉትን አልጣለውም። የእሁዱን ሁሉ ነግሮኝ፣ ልጅቷን የበላት የኔ ቀልድ ነው ብሎ አለቀሰ። አላባበልኩትም። ካርቶኑ አብዛኛው አሯል፤ አንድ ጥግ ብቻ ተርፏል። ሲገጥሙት እንዳይገለበጥብዎ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ላይ" ብለው ጽፈውበታል። የ"ላ" እግር እንደ ማጭድ ጎብጧል። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ትምህርት ቤት ነው። በመላው ለሚ ኩራ "ላ"ን እንዲህ የሚጽፉት እርስዎና በእጅዎ ያስቆጠሯት ትንሿ ልጅዎ ብቻ ናችሁ።

ያረረውን ክፍል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ያሽቱት። ጽሑፉ ያለበትን አልላክሁም። እሱ የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሊነግረው ከማያሻው ሰው ዘንድ ነው። ብዙ ነገር የሚረሳ ሰው ነው፤ ይህን ግን ገና ሲያየው አወቀው።

ለፖሊስ የሰጡትን ቃል እስከ ዓርብ ድረስ ራስዎ ሄደው ያስተካክሉ። ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ፤ ብቻዬንም አይደለም።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እጅግ አድርጎ ያርዝመው። ማስታወስንም እስከ መጨረሻዋ ቀን አይንሳዎት።

ግራጫውን ሹራብ በገብረየስ እጅ ይላኩልን። ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል። ክፍሉ ይበርዳል።

ልጆችዎ